በአርባ አንደኛው ፎቅ የታመመች በሶብላ

ወይዘሮ ሜላት በሶብላቸው መታመሟን ያወቁት ማክሰኞ ጠዋት፣ ቅጠል በሚያሳዩበት ሰዓት ነበር።

በ2092 ዓ.ም. ቅጠል ማሳየት ፊት እንደ መታጠብ ያለ ነገር ነው። ልክ አንድ ሰዓት ሲሆን የየቤቱ መስኮት «እንደምን አደራችሁ» ይላል፤ ባለቤቱም የአበባ ጣሳዎቹን በየተራ ወደ መስታወቱ ያስጠጋል። መስኮቱ ለአፍታ ያይና «ጤነኛ» ይላል፤ ቀጣዩ ይቀርባል። ለአንድ ቤት የተፈቀደው ሦስት ጣሳ ነው። ወይዘሮ ሜላት ያላቸው አንድ ጤና አዳም፣ አንድ የጥብስ ቅጠልና አንዲት በሶብላ ነበሩ። መስኮት ድሮ ይከፈት እንደነበር ብዙ ሰው ረስቶታል። አየር የሚመጣው ከጣሪያ፣ ተጣርቶ ነው፤ ሕንፃው ውስጥ በራሪም ሆነ ተሳቢ ነገር የለም። ዝንብ በዓይኑ ያየ ሰው ካለ ዕድሜው ከሃምሳ አልፏል ማለት ነው። ዕድሜያቸውን መናገር የማይወዱ ሴቶች ወሬው ከተነሣ «ዝንብ እንኳ አላስታውስም» ይላሉ።

ያን ጠዋት መስኮቱ በሶብላዋን አይቶ «ጤነኛ» አለ። ወይዘሮ ሜላት ግን ጣሳዋን ሲመልሱ ጣታቸው ቅጠሉ ላይ ተጣበቀ። ማር የተቀባ ይመስል ነበር። መነጽራቸውን አድርገው ቅጠሉን ገለበጡት። ከጀርባው፣ በመካከለኛው ደም ሥር ግራና ቀኝ፣ ከጤፍ ብዙም የማይበልጡ አረንጓዴ ነገሮች ተደርድረዋል። አንደኛው እግሩን አነሣ።

«ናቲ» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው።

ባለቤታቸው አቶ ናትናኤል ቁርስ ላይ ነበሩ። ሰባ አራት ዓመታቸው ነው፤ በወጣትነታቸው የግብርና ትምህርት ቤት ሁለት ዓመት ተምረው ትምህርት ቤቱ ተዘግቶባቸዋል። ጎንበስ ብለው አዩ፤ ፊታቸውም የድሮ ጓደኛ መንገድ ላይ እንዳገኘ ሰው በራ።

«ክሽክሽ ነዋ፣ ያ ቅጠል መጣጩ ተባይ! ሃምሳ ዓመት ሙሉ የት ከርሞ ነው? እንዴት ወፍሯል በይ።»

«ምኑ ያስቅሃል?»

«አልሳቅሁም፤ ሰላም እያልኩት ነው።»

ወይዘሮ ሜላት አልሳቁም። ደንቡን ያውቁታል፤ ሊፍቱ ውስጥ ተለጥፏል። ተባይ ያየ ሰው በዚያው ቀን ለቅጠል ጤና ጣቢያ ያስታውቃል። ጣቢያው መጥቶ ጣሳውን ይወስዳል፣ ያቃጥላል፣ በአሥራ አምስት ቀን ውስጥም ምትክ ይልካል። ምትኩ ምንም አይወጣለትም። ቅጠሎቹ እኩል ናቸው፣ አይጠወልግም፣ አያብብምም፤ አበባ ነፍሳትን ይጠራል ተብሎ እንዳያብብ ተደርጎ ነው የሚመጣው። ሽታውም የታጠበ ሸሚዝ ሽታ ነው።

ችግሩ ያ ነበር። በሶብላ ለሽሮ የሚፈለገው አበባው ነው። የወይዘሮ ሜላት በሶብላ ደግሞ ጣቢያው ሳይቋቋም የተመዘገበች፣ በመላው ሕንፃ ያለች የመጨረሻዋ የድሮ በሶብላ ሳትሆን አትቀርም። አሥራ አንድ ዓመት ተንከባከቧት፤ አሥራ አንዱንም ዓመት ቅጠል ብቻ ሰጠች። በዚህ ወር ግን ጫፏ ላይ ሦስት ዘለላ እምቡጥ ብቅ አለ። መስኮቱ «ተጨማሪ ቅጠል» ብሎ መዝግቦ አለፈው። ወይዘሮ ሜላት ለማንም አልተናገሩም። ሽሮ ከግድግዳው መምጣት ከጀመረ ሃያ ዓመት ሆኖታል፤ ይሞቃል፣ ይወፍራል፣ ቀለሙም የሽሮ ነው። እሳቸው የፈለጉት አንድ ጊዜ ብቻ፣ አንዲት ድስት ሽሮ እንደ ሽሮ እንድትሸት ነበር።

«አንድ ሳምንት ብትቆይልኝ ታብባለች» አሉ።

«የሳሙና ውኃ ነው መድኃኒቱ» አሉ አቶ ናትናኤል። «ቅጠሉን ከነጀርባው በየሁለት ቀኑ ማጠብ ነው። ግን ሳሙና ከየት ይመጣል?»

ሳሙና ከገላ መታጠቢያው ጣሪያ በእንፋሎት መልክ ይወርድ ነበር፤ በእጅ የሚያዝ ሳሙና ካዩ ቆይተዋል። ያላቸው አንድ ሰው ግን አሉ፤ ጎረቤታቸው ወይዘሮ ሶሊያና። ሶሊያና በዚያን ዘመን የአሮጊት ስም ነው፤ ሲጠራ ምርኩዝ የያዘች፣ ጥርሷ የረገፈ ባልቴት ነው ለሰው የሚታየው። ወጣቶቹ ደብሪቱ፣ ወርቄ፣ ተዋበች ይባላሉ። ወይዘሮ ሶሊያና አንድ ደረቅ ሳሙና ከልብሳቸው መሐል ለሽታው ብለው ያስቀምጣሉ።

«ለማንም እንዳትነግሪ» አሏቸው ወይዘሮ ሜላት ሳሙናዋን ሲቀበሉ።

«ኧረ ሜሊዬ! ለማን እነግራለሁ? ከዚህ ፎቅ ወዴት እወጣለሁ?»

የኋለኛው ንግግራቸው እውነት ነበር። ከሥልሳ አምስት ዓመት በላይ የሆነ ሰው ከአርባኛ ፎቅ በላይ ይመደባል፤ ሊፍቱ እዚያ የሚቆመው በቀን ሁለት ጊዜ ነው። «ጸጥታ ይስማማቸዋል» ይላል መመሪያው። ሰው ሲታመም ከራሱ ከሰውዬው በፊት ግድግዳው ያውቅና ወደ ታች ይወስደዋል፤ ሄዶ መጠየቅ ግን አይፈቀድም። አንዳንዱ ድኖ ይመለሳል። አርባ አንደኛ ፎቅ እንዲህ ሆኖ ዘጠኝ ዓመት በሽተኛ ሳይጠይቅ ኖረ።

ከሰዓት በኋላ በሩ ተንኳኳ። ወይዘሮ ሶሊያና ነጠላ አጣፍተው ቆመዋል፤ ከኋላቸው አምስት ሰው አለ። አንዳቸው ሙዝ ይዘዋል።

«እግዜር ይማራት» አሉ ወይዘሮ ሶሊያና ዓይን ዓይናቸውን እያዩ።

«ሶሊ! ምን ብዬሽ ነበር?»

«እኔ ለማንም አልነገርኩም። ታማለች ወይ ብለው ሲጠይቁኝ ግን መዋሸት ነበረብኝ?»

ምን ይደረጋል፣ ገቡ። በሶብላዋ መሐል ቤት ወንበር ላይ ተቀመጠች፤ ጠያቂዎቿ ዙሪያዋን ተደረደሩ። መጀመሪያ ለትንሽ ጊዜ ዝም ተባለ፤ እንዲህ ባለ ጊዜ ዝም እንደሚባል ማንም አልረሳውም ነበር። ከዚያ ተራ በተራ እየተነሡ ቅጠሏን ዳሰሱ፣ ገልብጠው አዩ፣ ከንፈራቸውን መጠጡ።

«ከስታለች።»

«ቀለሟም ጠፍቷል። ሆ፣ ያቺ የመሰለች ልጅ!»

«ብርድ መቷት ነው። ያ የጣሪያ አየር ፊት ለፊቷ ነው።»

«ብርድ አይደለም፣ ውኃ አብዝተውባት ነው። እኔ አውቃለሁ፤ ሥሯ ረጥቦ ነው ቅጠሏ የተጨማደደው።»

«ዓይን ነው» አሉ ሙዝ ያመጡት ሴትዮ። «ጤና አዳም አጠገቧ አስቀምጪላት።»

«አጠገቧ እኮ ናት» አሉ ወይዘሮ ሜላት።

«እንግዲያው ጤና አዳሟም ምትክ ናት፤ እሷ ምን ታውቃለች።»

አቶ ናትናኤል ክሽክሽ መሆኑን፣ ብርድም ዓይንም እንዳልሆነ ሊያስረዱ ሞከሩ፤ ግን ሦስት ዓይነት ምክር በአንድ ላይ እየተሰጠ ስለነበር የሰማቸው የለም። ለበሽተኛዋ የመጣውን ሙዝ እሳቸው በሉላት።

በማግስቱ የቀሩት አምስት ቤቶች መጡ። የቀደሙትም ተመልሰው መጡ፤ አንድ ጊዜ ብቻ መጠየቅ ነውር ነው። ነጠላና ጋቢ በሶብላዋን እየዳሰሰ ገባ፣ እየዳሰሰ ወጣ፤ ማታም እቤቱ ገብቶ ከጣሳዎቹ አጠገብ ተሰቀለ። ዓርብ ዕለት ወይዘሮ ሶሊያና የራሳቸውን በሶብላ ሲነኩ ጣታቸው ተጣበቀ። ቅዳሜ ሦስት ቤት፣ እሑድ ሰባት። ፎቁም እንደ ደንቡ አደረገ፤ አዲሶቹን በሽተኞች ሊጠይቅ ተነሣ። ሰኞ ጠዋት አርባ አንደኛ ፎቅ ላይ ካሉት አሥራ ሁለት ቤቶች አንድም ጤነኛ አልነበረም፤ ሰዎቹ ግን ጉንጫቸው ቀልቶ፣ ከቤት ቤት ሲሉ፣ ከዘጠኝ ዓመት ወዲህ እንደዚያ ደስ ብሏቸው አያውቁም።

የወይዘሮ ሶሊያና ቅጠል እስከ ላይኛው ፊቱ ድረስ ስለተጨማደደ መስኮታቸው ሰኞ ዕለት ለመጀመሪያ ጊዜ «ጤነኛ» ሳይል ቀረ። «ይጠብቁ» አለ። አራት ሰዓት ላይ ሊፍቱ ያለ ሰዓቱ ቆመ።

ከውስጡ የወጣችው የቅጠል ጤና ጣቢያ ተቆጣጣሪ ናት። ደብሪቱ ትባላለች፤ ሃያ አራት ዓመቷ ነው። አንገቷ ላይ የሰማውን የሚጽፍ፣ የሚናገርም መዝጋቢ መሣሪያ ተንጠልጥሏል፤ እጇ ላይ የታጠፈ ጥቁር ከረጢት አለ። ጣሳ የሚወሰድበት ከረጢት ምን እንደሚመስል ሁሉም ያውቃል። አሥራ ሁለቱን ቤት አንድ በአንድ ዞረች፤ በየቤቱ ሙዝ ሊያስበሏት ሞከሩ። ከዚያ ሰዉን ኮሪደር ላይ ሰበሰበችና አንቀጹን አነበበች።

«ተባይ ከአንድ ቤት በላይ ከተገኘ ምንጩ ይጣራል። የምንጩ ጣሳ ተወስዶ ይቃጠላል። የቀሩት ጣሳዎች ይታጠባሉ።» ቀና አለች። «እናቶች፣ አባቶች፣ አስቸግሬ ይቅርታ። ማን ዘንድ ነው የጀመረው?»

ደብሪቱ በዚህ ሥራ ሦስት ዓመት ቆይታለች። ይህን ጥያቄ በታችኛው ፎቅ ስትጠይቅ ሰው መልስ ለመስጠት ጊዜ አይወስድበትም፤ ጣት ወዲያው ይቀሰራል፣ ወደ ጎረቤት በር። አንዳንድ ጊዜ ሁለት በር ፊት ለፊት እርስ በርሱ ይቀስራል። ስለዚህ ጣት እየጠበቀች ቆመች።

ወይዘሮ ሜላት ከሰዉ ኋላ ነበሩ። ሠላሳ ዓመት መዝገብ ቤት ሲሠሩ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው የተናገሩበት ቀን የለም። እምቡጦቹ ዛሬ ጠዋት ተከፍተዋል፤ ነጭ ናቸው፣ ከጣት ጥፍር ያነሱ። ዝም ካሉ ግን የሌላ ሰው ጣሳ ይሄዳል፤ ለመጠየቅ ብሎ የመጣ ሰው። አፋቸውን ሊከፍቱ ሲሉ፦

«የእኔ ናት» አሉ ወይዘሮ ሶሊያና። «የእኔ መስኮት አይደል ያሳበቀው? በቃ፣ የእኔ ናት። ውሰጃት ልጄ።»

«ምንጭ፦ ቤት ቁጥር አራት» አለ መዝጋቢው።

«ኧረ በፍጹም!» አሉ ሙዝ የሚያመጡት ሴትዮ። «በሞቴ ሶሊያና፣ አንቺ ምን አድርገሽ? የእኔ ናት። እኔ ነኝ ያዛመትኩት።»

«ምንጭ፦ ቤት ቁጥር ዘጠኝ።»

«አፈር ስሆን፣ ሁለታችሁም ተዉት። የእኔ የጥብስ ቅጠል ካለፈው ዓመት ጀምሮ ስታስነጥስ ነው የከረመችው።»

«የጥብስ ቅጠል ያስነጥሳል እንዴ?»

«የእኔዋ ታስነጥሳለች።»

«ምንጭ፦ ቤት ቁጥር አንድ። ከአንድ በላይ ምንጭ አይፈቀድም» አለ መዝጋቢው።

ከዚያ በኋላ ማን ምን እንዳለ መለየት አስቸገረ። ሒሳብ ለመክፈል የሚታገሉ ሰዎች እንደሚሆኑት ሆኑ፤ አንዱ የአንዱን እጅ ወደ ኋላ ይይዛል፣ አንዱ አንዱን ገፍቶ ወደ መዝጋቢው ይጠጋል። «እኔ እያለሁ!» «በሞትኩት!» «ተዪ ብዬሻለሁ፣ እቀየምሻለሁ!» አቶ ናትናኤል ሳይቀሩ እጃቸውን አውጥተው «የእኔ ጤና አዳም ናት፤ እንዲያውም ሆን ብዬ ነው» አሉ።

«ሆን ብለው?» አለች ደብሪቱ።

«ናፍቆኝ ነው።»

ያኔ ነው ወይዘሮ ሜላት በሕይወታቸው ለመጀመሪያ ጊዜ የጮኹት።

«የእኔ ናት! መጀመሪያ የታመመችው የእኔ በሶብላ ናት! ማክሰኞ ጠዋት ነው ያየሁት፣ ደበቅሁ፤ በእኔ ምክንያት ነው ሁላችሁም ያገኛችሁ!»

ሰዉ ሁሉ ዞሮ አያቸው። መዝጋቢው ሊናገር ትንሽ ድምፅ አወጣ።

«እስቲ ስሟት» አሉ ወይዘሮ ሶሊያና ራሳቸውን እየነቀነቁ። «እሷ ደግሞ ለሰው ስትል የማትለው የላትም!»

«እውነቴን ነው ሶሊ!»

«እናውቅሻለን እኮ ሜሊዬ። ዝም በይ አሁን፣ ደም ግፊትሽ ይጨምራል።»

«ቀን እንኳ ጠቅሳ» አለ አንድ ሰው ከኋላ በአድናቆት። «ማክሰኞ ብላ!»

ወይዘሮ ሜላት እንባቸው መጣ። እውነት ሲናገሩ የማያምናቸው ሰው ቢያገኙ ምን እንደሚደረግ መዝገብ ቤት አላስተማራቸውም።

ደብሪቱ ግን ሄዳ የወይዘሮ ሜላትን በር ገፋች፤ እሳቸውም ተከተሏት። ቀደም ሲል በችኮላ ያለፈቻትን በሶብላ አንሥታ አንዱን ቅጠል ገለበጠች። ከደም ሥሩ ዳር እንደ አመድ የነጣ ነገር ተበትኗል፤ ክሽክሽ ሲያድግ የሚጥለው ቆዳ ነው። ከተላጠው ብዛት ስንት ሳምንት እንደተቀመጠ ይታወቃል። በሌሎቹ ቤቶች እንዲህ ያለ ነገር አላየችም። ቀጥሎ ነጫጮቹን አበቦች አየች፤ አፍንጫዋን አስጠጋች፤ ምን እንደሆነ ያላወቀችው ሽታ ስለነበረ አንድ ጊዜ ደገመችው።

«ልጄ» አሉ ወይዘሮ ሜላት፤ «አየሽ አይደል?»

ደብሪቱ አይታለች። መዝጋቢው የሚጠይቃት ግን የሰማችውን ነው። ቁልፉን ተጫነች።

«የተናገሩ፦ አሥራ ሁለት ቤቶች» አለ መዝጋቢው። ጥቂት ቆየ። «ምንጭ፦ ያልታወቀ።»

በዚያ ሕንፃ ታሪክ ምንጩ ያልታወቀ ተባይ ኖሮ አያውቅም። ደብሪቱ ለዚህ የሚሆነውን አንቀጽ ለማግኘት መመሪያውን እስከ መጨረሻው ገጽ ማገላበጥ ነበረባት። አጭር ነው።

«ምንጩ ካልታወቀ ጣሳ አይወሰድም» ብላ አነበበች። «ሁሉም በሳሙና ውኃ ለአርባ ቀን ይታጠባል፤ ተቆጣጣሪዋ በየሳምንቱ ትመጣለች።»

ደጃፉን የሞላው ሰው እልል ሊል ሲቃጣው እጇን አነሣች።

«አልጨረስኩም። አበባ ያለው ተክል ካለ አበባው ባስቸኳይ ይቆረጣል፤ በምስክሮች ፊት ይወገዳል።»

እልልታው ጉሮሮ ላይ ቀረ። ወይዘሮ ሜላት በሶብላዋን ከደብሪቱ እጅ ተቀብለው ወንበር ላይ ተቀመጡ። አሥራ አንድ ዓመት ማለት ምን ያህል ጠዋት እንደሆነ ያስቡ ነበር መሰለኝ። አቶ ናትናኤል አጠገባቸው ቆመው እጃቸውን ትከሻቸው ላይ አደረጉ።

«እንዴት ነው የሚወገደው?» አሉ ቆይተው። «ይቃጠላል?»

ደብሪቱ ከመዝጋቢው ላይ አነበበች። «በአነስተኛ ሙቀት እስኪደርቅ ይያዛል። ዘሩ ዳግም እንዳይበቅል ሆኖ ይደቅቃል። ከዚያም ተመልሶ ሊለይ በማይችልበት ሁኔታ ከሌላ ነገር ጋር ይቀላቀላል።»

ወይዘሮ ሜላት ቀና አሉ።

«ደግመሽ አንብቢልኝ።»

ደገመችላቸው።

«ምን ዓይነት ሌላ ነገር ይላል?»

ደብሪቱ ተመለከተች፤ ወደ ታች ወረደች፤ ወደ ላይ ተመለሰች። «አይልም» አለች። ከንፈሯን ነከሰች። «የሚል ነገር የለም፣ እማማ።»

ከዚያ በኋላ አርባ አንደኛ ፎቅ ደንብ ለማክበር ያሳየው ትጋት ለታችኞቹ ፎቆች ምሳሌ የሚሆን ነበር። አበባውን ደብሪቱ ራሷ በመቀስ ቆረጠች፤ ሦስት ዘለላ ብላ አስመዘገበች። ምድጃው አነስተኛ ሙቀት ላይ ተደረገ፤ ምስክሮቹም ከአጠገቡ አልራቅ ስላሉ በሦስት ተርታ ቆሙ። ወይዘሮ ሶሊያና ከቤታቸው ሙቀጫ አመጡ፤ በንብረት ዝርዝራቸው ላይ «ጌጥ» ተብሎ የተመዘገበ ነው። ማን ይውቀጥ በሚለው ላይ እንደገና ትንሽ ትግል ሆነ፤ ለተቆጣጣሪዋ ተሰጣት። ደብሪቱ ዘነዘና ጨብጣ አታውቅም።

«ቀስ በይ ልጄ» አሉ ወይዘሮ ሜላት። «አትምቺው፤ እሺ በለኝ ነው የምትዪው።»

ስትወቅጥ ሽታው ተነሣ። ክፍሉ ውስጥ ያለው ሰው በሙሉ ወደ ሙቀጫው ተጠጋ። ጣሪያው የማያውቀው ነገር ስለገባበት አየሩን በፍጥነት ማጣራት ጀመረ፤ አቶ ናትናኤል ወንበር ላይ ወጥተው ቀዳዳውን በጋቢያቸው ወተፉት።

ሌላው ነገር ከግድግዳው መጣ፤ አንድ ድስት ሽሮ። ደብሪቱ ዱቄቱን ጨመረች፤ ተመልሶ ሊለይ እስከማይችል ድረስ አማሰለች፤ አሥራ ሁለት ሰው መለየት እንደማይችል በጣቱ ፈረመ። ድስቱ ወጣ። እንጀራ ተዘረጋ። ተቆጣጣሪ በሥራ ላይ ከነዋሪ እጅ እንዳይበላ የሚከለክል ደንብ ስለመኖሩ አንድ ሰው ጠየቀ፤ ወይዘሮ ሜላት በጉርሻ ነው የመለሱት፣ ለደብሪቱ በቀጥታ። ልጅቷ አኘከች፤ ከዚያ ማኘኳን አቆመች፤ እንደገና ጀመረች።

«ይሄ ምንድን ነው?» አለች ቀስ ብላ።

«ሽሮ ነው» አሏት።

ከግማሽ ሰዓት በኋላ መዝጋቢው የመጨረሻ ጥያቄውን አቀረበ። «ከተወገደው አበባ ቅሪት አለ?»

ደብሪቱ ወደ ማዕዱ ዞረች። ወይዘሮ ሜላት የመጨረሻዋን ቁራሽ ጠቅልለው ለባለቤታቸው ሊያጎርሱ እጃቸው አየር ላይ ነበር፤ ሁለቱም ባሉበት ቆመው አዩዋት።

«አንድ ጊዜ ቆይ» አለችው መዝጋቢውን።

አቶ ናትናኤል ጎረሱ። አልቸኮሉም።

«የለም» አለች ደብሪቱ።